የመከታ ሳህን

ጥር 18 ቀን 2017፣ እሑድ

መከታ ዘንድሮ 11 ዓመት ሞላው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ከዘጌ በጀልባ ሲመለስ በጋቢው ጠቅልሎ ያመጣው ቡችላ ነው። ያኔ እፍኝ አይሞላም ነበር። ዛሬ አፉ ዙሪያውን ሸብቷል። ከተኛበት ሲነሳ የኋላ እግሮቹ ይንቀጠቀጣሉ። በር ሲንኳኳ ግን አሁንም ከሁላችን ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነው።

ዛሬ ገላውን ሳጥበው እጄ ጀርባው ላይ ቀረ። ጸጉሩ ሲርስ እስካሁን ያልታየኝ ሁሉ ታየኝ። አከርካሪው እንደ መቁጠሪያ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ጭኑ ሳስቷል። ከዓይኑ በላይ ያለው ቦታ ጎድጎድ ብሏል። ሆዱ ግን አልጎደለም፤ እንዲያውም ወደ ታች ወረድ ብሏል። ከሩቅ ላየው ሰው የጠገበ ይመስላል።

እቤታችን "አርጅቷል፣ ቀለል ያለ ይብላ" ብለን ከዓመት በፊት ሥጋውን ቀንሰንበታል። ምግቡ እንጀራ በወጥ ትራፊ ብቻ ሆነ። ለእርጅናው ያሰብንለት መስሎን ነበር። ዛሬ እጄ የነገረኝ ሌላ ነው። ከእንግዲህ የሚበላውን አጣርቼ፣ የማደርገውን ሁሉ እዚህ እየጻፍኩ እሄዳለሁ።

ጥር 20፣ ማክሰኞ

መጀመሪያ ሚዛን። እቤት ሚዛን የለንም። ባሕር ዳር ሽምብጥ፣ ከእኛ በር ትንሽ ወረድ ብሎ ካለው ወፍጮ ቤት ወሰድኩት፤ እዚያ ባስኩል አለ። ከሰዓት ሰው ሲቀንስ ሄድን። መከታ የወፍጮውን ድምፅ ስለማይወድ ብቻውን አልቆም አለ። ታቅፌው ወጣሁ፦ 78.6። አውርጄው ብቻዬን ወጣሁ፦ 61.4። ስለዚህ እሱ 17.2 ኪሎ ነው።

ማታ የክትባት ካርዱን ፈልጌ አገኘሁት። ከሦስት ዓመት በፊት የእብድ ውሻ ክትባት ሲወስድ 20 ኪሎ ተብሎ ተጽፏል። ወደ ሦስት ኪሎ የሚጠጋ ነገር ከዚህ ውሻ ላይ ሄዷል። ሁላችንም እዚሁ ሆነን።

ዛሬ የበላው፦ ጠዋት ምንም። ቀን አንድ እንጀራ በምስር ወጥ። ማታ ግማሽ እንጀራ በድንች አልጫ።

ጥር 23፣ ዓርብ

የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሐኪሙ መጀመሪያ ያየው አፉን ነው። በግራ በኩል ከላይ ትልቁ ጥርሱ ይወዛወዛል። ሥሩ ላይ ድንጋይ የመሰለ ቡናማ ነገር ተጋግሮበታል፤ ድዱም አብጧል። "ይሄ ውሻ ሲያኝክ ያመዋል" አለኝ። ባለፈው ወር አጥንት ትቶ ሲሄድ "ጠግቦ ነው" ብለን ነበር።

ቀጥሎ ድዱን በጣቱ ተጫን አድርጎ ለቀቀው። ቀለሙ ነጣ ያለ ነው። "ምንድነው የሚበላው?" አለኝ። እንጀራ በወጥ ስለው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"ሽንኩርት ያለበት ወጥ?"

ሽንኩርት የሌለበት ወጥ የት አለ?

ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ እንደሚያፈርስ የሰማሁት ዛሬ ነው። ቀዩም፣ ነጩም፣ ባሮውም ያው ነው። ማብሰል አያድነውም፤ መቁላላትም አያድነውም። ለውሻ ጉዳት የሚያመጣው መጠን በአንድ ኪሎ ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ነው። ለመከታ ሲሰላ ከ260 ግራም ጀምሮ ማለት ነው። በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ላይበላ ይችላል። ግን በየቀኑ ትንሽ ትንሹም ደሙን እየሸረሸረ ይሄዳል። ለአንድ ዶሮ ወጥ ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደሚከተፍ የሚያውቅ ሰው፣ በመረቁ የራሰ እንጀራ ምን እንደሚይዝ መገመት አያቅተውም። እኔ 11 ዓመት ሙሉ አልገመትኩም። ይህ ነገር እስካሁን ጉሮሮዬ ላይ አለ።

ከዚያ ዋናውን ጥያቄ ጠየቅሁት። "ዶክተር፣ ላረጀ ውሻ ሥጋ ይከብዳል፣ ኩላሊቱን ይጎዳል ይባላል። እውነት ነው?" መልሱን ቃል በቃል አልያዝኩትም። የያዝኩት ነገር ይህ ነው፦ ጤነኛ የሆነ ሽማግሌ ውሻ ፕሮቲን መቀነስ የለበትም፤ እንዲያውም ጡንቻው እንዳይሄድ ከጎልማሳው ይበልጥ ያስፈልገዋል። ፕሮቲንና ፎስፈረስ የሚቀነሰው ኩላሊቱ በእርግጥ ሲታመም ነው። እሱ ደግሞ በግምት አይታወቅም፤ ደምና ሽንት ይታያል። ሁለቱንም ወሰደ።

ጥር 27፣ ማክሰኞ

ውጤቱ መጣ። ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ክሬቲኒን የሚባል ቆሻሻ 1.1 ነው። ለውሻ ከ1.4 በታች ደህና ነው። ግን ሐኪሙ በዚህ ብቻ አልተደሰተም። ክሬቲኒን የሚመጣው ከጡንቻ ነው፤ ጡንቻው የሳሳ ውሻ ላይ ኩላሊቱ ቢደክም እንኳ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል። በዚያ ላይ ይህ ቁጥር ከፍ የሚለው አብዛኛው የኩላሊት ሥራ ከጠፋ በኋላ ነው። ለዚህ ነው ሽንቱን የፈለገው። የሽንቱ ጥግግት 1.034 ወጣ። ከ1.030 በላይ መሆኑ ኩላሊቱ ገና ውኃ መቆጠብ እንደሚችል ያሳያል። እፎይ አልኩ።

ደሙ ግን አነስተኛ ነው። የቀይ ሕዋሱ ድርሻ 33 በመቶ፤ ቢያንስ 37 መሆን ነበረበት። ደሙ ሳያገግም ማደንዘዣ መስጠት ስላልፈለገ የጥርሱን ነገር አዘገየው። ለድዱ መድኃኒት ሰጠን። "ለስላሳ ምግብ፣ ሽንኩርት የለም፣ በስድስት ሳምንት ተመለሺ" አለኝ።

እማዬ ዛሬውኑ ምስር ወጡን ከመከታ ሳህን ላይ አነሳች። "ስንት ዓመት መርዝ ስናበላው ኖርን" ብላ ቁጭ አለች። የማጽናናት ቃል አጥቼ አብሬያት ቁጭ አልኩ።

ጥር 29፣ ሐሙስ

በከረጢት የሚሸጠውን ደረቅ የውሻ ምግብ አጣራሁ። አንድ ሱቅ ውስጥ ሁለት ዓይነት አገኘሁ። አንደኛው የቡችላ ነው። ሁለተኛው ከረጢት ተቀዶ በኪሎ የሚሸጥ ነው፤ የሚያበቃበት ቀን የት እንደተጻፈ ሻጩም አያውቅም። ሁለቱንም ተውኳቸው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር አወቅሁ። ከረጢት ላይ "ላረጁ ውሾች" የሚል ጽሑፍ ብዙ ነው። የአሜሪካ የመኖ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር ለውሻ ምግብ ያወጣው መመዘኛ ግን ሁለት ብቻ ነው። አንዱ ለሚያድጉና ለሚወልዱ፣ አንዱ ለአዋቂዎች። ለአረጋውያን የሚባል ሦስተኛ የለም። ስለዚህ ያንን ቃል የሚሞላው እያንዳንዱ ፋብሪካ በራሱ መንገድ ነው። አንዱ ፕሮቲኑን ዝቅ ያደርጋል፣ ሌላው ከፍ ያደርጋል። ከረጢቱን አዙሮ ማንበብ ያስፈልጋል።

እኔ ግን ደጄ ላይ ጣና አለ።

ጥር 30፣ ዓርብ

ስንት ካሎሪ ያስፈልገዋል? ሐኪሙ ያሳየኝ ስሌት በስልክ ካልኩሌተር የሚሠራ ነው። የውሻውን ኪሎ ሦስት ጊዜ በራሱ ታበዢዋለሽ፤ ከዚያ የካሬ ሥር ምልክቱን ሁለት ጊዜ ትጫኛለሽ፤ የወጣውን በ70 ታበዢዋለሽ። ለመከታ 17 በ17 በ17፣ 4913 ሆነ። ሥሩ 70 ገደማ፤ እንደገና ሥሩ 8.37። በ70 ሲባዛ 586። ይህ ተኝቶ ለመተንፈስ ብቻ የሚያስፈልገው ነው። ግቢ ውስጥ ለሚውልና ለተረጋጋ ውሻ በ1.4 ይባዛል፦ 820። ትንሽ እንዲሞላ ስለምፈልግ 850 ላይ ቆረጥኩ።

አንድ እንጀራ በወጥ ስንት ካሎሪ እንደሆነ ለማስላት ሞከርኩና ተውኩት። ጉድለቱ ከካሎሪው ይልቅ ፕሮቲኑ ላይ ነው። ሆዱ እየሞላ ጭኑ የሳሳው ለዚህ ነው።

የካቲት 1፣ ቅዳሜ

ገበያ ዋልኩ። ከፎገራ የመጣ ስብርባሪ ሩዝ ገዛሁ። ሙሉው ሩዝ ለእኛ፣ ስብርባሪው ለመከታ፤ ለሆድ ልዩነት የለውም፣ ዋጋው ግን ይለያል። ሩዝ ከወረታ ሜዳ እዚህ ድረስ ቅርብ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ትልቅ ዱባም ያዝኩ።

ከዚያ ወደ ሐይቁ ወረድኩ፣ ዓሣ ወደሚበለትበት። ጀልባዎቹ ከገቡ በኋላ የሚባክን ጊዜ የለም። ቢላዋው አንዴ ከጀርባ፣ አንዴ ከሆድ ይገባና ፊሌቶው ይነሳል፤ ራስና አጥንቱ ወደ ባልዲ ይወረወራል። ባልዲው አጠገብ ፔሊካኖቹ ተሰልፈው ይጠብቃሉ።

ዓይነቶቹን ለይቼ ጠየቅሁ። ቀረሶ ሥጋው ነጭ፣ ስቡ ትንሽ፣ አጥንቱ ለመልቀም የሚመች ነው። ዋጋው ግን ከሁሉም ይወደዳል። አምባዛ ወፍራም ነው፣ አጥንቱ ጥቂትና ትልልቅ ነው። ቅርፊት ስለሌለው ብዙ ምእመን አይበላውም፤ ስለዚህ ረከስ ይላል። ነጭ ዓሣ ደግሞ አለ። የሚበልተው ልጅ "እህቴ፣ ለውሻ ከሆነ ፊሌቶ ምን ያደርግልሻል? ራሱንና አጥንቱን ውሰጂ፣ ቀቅለሽ ልቀሚው" አለኝ። ከምሰማው ምክር ሁሉ ይህ ነው ኪሴን ያዳነው። ግማሽ ፊሌቶ፣ ግማሽ ራስና አጥንት ያዝኩ።

የካቲት 2፣ እሑድ

የመጀመሪያው ድስት። እማዬ አምባዛ በእኛ ድስት አይገባም አለች፤ ልክ ናት። ለመከታ የድሮውን የብረት ድስት ለየሁለት። ከሰል ምድጃ ላይ፣ ውጭ።

የቀን ድርሻው እንዲህ ነው። የበሰለ የዓሣ ሥጋ 300 ግራም። የተቀቀለ ሩዝ 250 ግራም። አንድ እንቁላል። እጅ የሚሞላ ዱባ። አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት። ጨው፣ በርበሬ፣ ቅቤ፣ ሽንኩርት የለም። ይህ ሁሉ ሲደመር 845 ካሎሪ አካባቢ ነው፤ ፕሮቲኑም ወደ 90 ግራም ይደርሳል።

ዓሣውን ጥሬውን አልሰጠሁም። አንዳንድ ጥሬ ዓሣ ቫይታሚን ቢ አንድን የሚያጠፋ ነገር አለው፤ ሲበስል ይጠፋል። ጥገኛ ትሉንም እሳት ይገድለዋል።

መከታ ሳህኑን አሽትቶ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ራሱን ደፍቶ እስኪጨርስ ቀና አላለም። ከጨረሰ በኋላ ሳህኑን እየገፋ ግቢውን ዞረ። እማዬ ከበረንዳው እያየች አለቀሰች።

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

ሆዱ ተበላሸ። ሌሊቱን ሦስት ጊዜ አስወጣኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ለዓመታት እንጀራ የለመደን ሆድ በአንድ ቀን ዓሣ ላይ ጣልኩት። ምግብ የሚቀየረው ከሰባት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ላረጀ ውሻ ወደ አሥሩ ማዘንበል ይሻላል። ዛሬ የሰጠሁት በብዙ ውኃ የተቀቀለ ሩዝና ትንሽ ዱባ ብቻ ነው። ውኃ በደንብ ጠጣ። ድዱ እርጥብ ነው፤ ያ ጥሩ ምልክት ነው።

ነነዌ ነው። እማዬ ጾማ፣ እኔም ጾሜ፣ ቤታችን ውስጥ ምግብ የሚወጠወጠው ለእሱ ብቻ ነው።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

ሆዱ ቆመ። እንደገና ጀመርን። ሦስት ቀን አንድ አራተኛ አዲሱ ምግብ፣ ሦስት አራተኛ ወጥ ያልነካው እንጀራ። ከዚያ እኩል በእኩል። ከዚያ ሦስት አራተኛ። እንጀራውን ደረቁን አልሰጠውም፤ በዓሣው መረቅ አርሰዋለሁ። በቀን ሁለት ጊዜ ይበላ የነበረውን ወደ ሦስት ጊዜ ከፈልኩለት። ለብ ያለ ሲሆን ሽታው ስለሚነሳ ቶሎ ይጠጋል። የእርጅና አፍንጫ እንደ ድሮው አይደለም። ሳህኑንም ብሎኬት ላይ አስቀመጥኩት። አንገቱን ብዙ ሳያጎነብስ ሲበላ የፊት እግሮቹ አይንሸራተቱም።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

ስለ እንቁላል ቅርፊት። ሐኪሙ በስልክ "ካልሲየሙንስ?" ሲለኝ ነው ያሰብኩት። አጥንቱ የወጣለት ሥጋ ወይም ዓሣ ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ውሻው ወራት እንዲህ ከበላ ጉድለቱን ከራሱ አጥንት ይስባል። ደህና ምግብ እያበላሁት አጥንቱን ልጎዳው ነበር።

ቅርፊቱን አጠብኩ፣ አሥር ደቂቃ ቀቀልኩ፣ ምጣድ ላይ እስኪደርቅ አመስኩት። ከዚያ ሙቀጫ። መጀመሪያ እንደ ጠጠር ነው፣ ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል። ደጋግሜ ወቀጥኩትና በሻይ ማጥለያ ነፋሁት። በጣቴ ሳሸው እንደ ጤፍ ዱቄት እስኪለሰልስ ቆየሁ። በቀን ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ አንድ ግራም ያህል ካልሲየም ነው። ሳህኑ ላይ ተነስንሶ ሲታይ አመድ ይመስላል፤ መከታ ልብ አላለውም።

ሐኪሙ ሌላም ጨመረልኝ። እቤት የሚሠራ የውሻ ምግብ ቢጠነቀቁለትም ዚንክ፣ አዮዲንና ቫይታሚን ኢ ይጎድለዋል። ለዚያ የሚሆን ዱቄት ሰጠኝ። ጉበት በሳምንት ሁለት ቀን፣ 40 ግራም ብቻ። ከዚያ ከበለጠ ቫይታሚን ኤው ይከማቻል።

የካቲት 16፣ እሑድ

ቅበላ። ከየቤቱ አጥንት መጣ። ሰዉ መከታን ይወደዋል፤ የሌሊት ጠባቂያቸውም እሱ ነው። የዶሮ አጥንቱን ሁሉ በምስጋና ተቀብዬ ለብቻ አስቀመጥኩት። የበሰለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር እንደ መርፌ ይሰነጠቃል። ለጎረቤታችን ለእማማ ይህን ሳስረዳቸው "እኛ ስንት ዘመን ሰጥተን የለ?" አሉኝ። አልተከራከርኩም። ድስቴን ከፍቼ የሚበላውን አሳየኋቸው። ቆመው አዩና "ይሄስ ከእኔ ይሻላል፤ እንግዲህ ተይው፣ አላመጣም" አሉኝ።

የካቲት 24፣ ሰኞ

የፈራሁት ደረሰ። ሁዳዴ ከገባ ወዲህ ዓሣ ፈላጊው በዝቶ ቀረሶ አልቀመስ አለ፤ አምባዛም አልነበረም። ነጭ ዓሣ ገዛሁ። በሰለ፣ ለቀምኩ፣ ሰጠሁት። ሁለት ጉርሻ ሳይሞላ ማሳል ጀመረ። በፊት እግሩ አፉን ይቧጥጣል፣ ምራቁ ይወርዳል። እማዬ አፉን በሁለት እጇ ከፈተችልኝ፤ እኔ በስልክ መብራት አየሁ። ላይኛው ላንቃው ላይ ከጥርሱ ጎን የተሻገረች፣ ከጸጉር ብዙም የማትወፍር፣ ጫፏ ሹካ የሆነች አጥንት። በቅንድብ መንቀያ ይዤ ሳብኳት። ወጣች። ሳህኑ ላይ አስቀምጬ ለረጅም ጊዜ አየኋት።

ነጭ ዓሣ የካርፕ ዘመድ ነው። ከጎድን አጥንቱ ሌላ ሥጋው ውስጥ የተበተኑ ሹካ ሹካ የሚመስሉ ቀጫጭን አጥንቶች አሉት። በዓይን አይለቀሙም። ቀረሶና አምባዛ እንዲህ አይደሉም። የጣና ነጭ ዓሣዎች ወደ 15 ዓይነት ናቸው፤ አብዛኞቹ ከዚህ ሐይቅ ሌላ የትም የሉም። በዚያ እኮራለሁ። የመከታ ድስት ውስጥ ግን ከእንግዲህ አይገቡም።

ከዛሬ ጀምሮ አለቃቀሜን ቀየርኩ። ዓሣው ከበሰለ በኋላ ሰፊ ትሪ ላይ ይዘረጋል፤ ለብ እስኪል ይጠበቃል። ሥጋውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣቴ መካከል ቁርጥ ቁርጡን እያሸሁ አሳልፋለሁ። ዓይኔ ያላየውን ጣቴ ያገኘዋል። ራሱ ላይ ጉንጩና አንገቱ ሥር ያለው ሥጋ ከሁሉ ይለሰልሳል። ለአንድ ቀን ምግብ 25 ደቂቃ ይፈጃል። የሁለት ቀኑን አንድ ላይ እሠራና ግማሹን ፍሪጅ አስገባለሁ።

መጋቢት 8፣ ሰኞ

17.8 ኪሎ። ወፍጮ ቤቱ ሰዎች አሁን ለምደውናል፤ ባስኩሉን ራሳቸው ያስተካክሉልናል።

ከሐኪሙ ጋር ዛሬ ነበር ቀጠሯችን። የደሙ ቁጥር 39 ሆኗል። ሽንኩርት ከተወ ስድስት ሳምንቱ ነው። ጥርሱን ነቀለለት። ማታ እያዛጋ፣ ግራ ገብቶት ጭኔ ላይ ተኛ።

መጋቢት 21፣ እሑድ

ጥርሱ ከወጣ ወዲህ ሌላ ውሻ ሆኗል። በሁለቱም ጉንጩ ያኝካል። ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ በአንድ ጎን ብቻ ሲበላ ነበር።

የእማዬ ነገር ሊጻፍ ይገባዋል። በጾም እንቁላል የያዘ ድስት ጋ አትጠጋም። ዛሬ እኔ ሥራ ቆይቼ ስመጣ እንቁላሉ ተቀቅሎ፣ ተላጥቶ፣ በሹካ ደቆ ሳህኑ ላይ ነው። "ለእሱ መድኃኒቱ ነው፤ መድኃኒት ደግሞ ጾም አያስገድፍም" አለችኝ። ሽታው ከእጇ እስኪለቅ ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጠበች።

ዓሣ ያጣሁበት ሁለት ቀን ነበር። ያኔ ሁለት ተጨማሪ እንቁላልና ያለ ሽንኩርት የተቀቀለ ምስር ሰጠሁት። ሽሮ ግን አይሆንም። ዱቄቱ ሲዘጋጅ ነጭ ሽንኩርት አብሮ ስለሚገባበት ድስት ላይ ሽንኩርት ባይጨመርም ያው ነው።

ሚያዝያ 13፣ ሰኞ

ፋሲካ ትናንት አለፈ። ግቢያችን በግ ታረደ። ጉበቱ ሲወጣ ጫፉ ላይ ውኃ የቋጠረ ነገር አየሁ፤ የሎሚ ፍሬ ያህላል፣ ነጣ ያለ ነው። በፊት ቢሆን ቆርጠን ወደ መከታ እንወረውረው ነበር። ሁሉም ቤት የሚያደርገው ነው።

ያ ውኃ የቋጠረ ነገር የውሻ ኮሶ እጭ ነው። ውሻ ጥሬውን ሲበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል። እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፤ ጸጉሩ ላይም ይቀራል። ሕፃን ውሻውን ደባብሶ እጁን ሳይታጠብ ሲበላ ወደ ሰው ይገባል፤ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ያንኑ ውኃ የቋጠረ እብጠት ይሠራል። ከዓመታት በኋላ ቀዶ ጥገና ድረስ ይወስዳል። ስለዚህ የታመመውን ጉበት ግቢው ጥግ በጥልቅ ቀበርነው፤ ላዩ ላይ ድንጋይ ጫንበት። ለመከታ የቀረውን ደህና ሥጋ ስቡን ገፍፌ ቀቀልኩለት። ፕራዚኳንቴል የሚባለውን የኮሶ መድኃኒት በሐኪሙ ትእዛዝ በኪሎው ልክ ሰጠሁት። የሰፈር ልጆች መከታን ስለሚወዱት ይህን ለወላጆቻቸው በየቤቱ ዞሬ ነገርኩ። ሁለት ቤት ጥሬ ሳንባ ለውሻ መስጠቱን ትቷል።

ግንቦት 10፣ እሑድ

18.9 ኪሎ። ገላውን አጠብኩት። አከርካሪው አሁንም ይዳሰሳል፤ ግን መቁጠሪያ መምሰሉ ቀርቷል። ጎድኑን በጣቴ ሳሻሸው ይገኛል፣ በዓይን ግን አይታይም። እንዲህ ሲሆን ነው ልክ። ሐኪሙ ከ1 (በጣም የከሳ) እስከ 9 (በጣም የወፈረ) ባለው የሰውነት ይዞታ መለኪያ አምስት ሰጠው።

ለሌላ ውሻ ይህን ሳህን እንዳለ መገልበጥ አይገባም። ኩላሊቱ ታሞ ቢሆን ኖሮ የመከታም ሳህን ሌላ ይሆን ነበር። ከኋላችን ካለው ቤት ያለችው አሮጊት ውሻ ውኃ አብዝታ ትጠጣለች፣ ሽንቷም በዝቷል። ባለቤቷን "መጀመሪያ ሽንቷ ይታይ፣ ምግቡ ከዚያ በኋላ" አልኳቸው። ሐሙስ አብረን እንሄዳለን።

ሰኔ 1፣ እሑድ

19.2 ኪሎ። ዛሬ ጠዋት እስከ ሐይቁ ድረስ አብሮኝ ሄደ፤ ድሮ መሃል ላይ ይቀመጥ ነበር። ዳር ላይ ቆሞ የታንኳዎቹን መግባት አየ። የሚበልተው ልጅ ሲያየን ባልዲውን ወደ እኛ አዞረው።

ከዚህ በላይ እንዲከብድ አልፈልግም፤ መገጣጠሚያው አይችለውም። ከነገ ጀምሮ ሩዙ ከ250 ወደ 200 ግራም ይወርዳል። ዓሣው እንዳለ ነው።